«ግማሹን ብቻ ነው ያደረግኩላት»

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ? አንዲት ድመትና አንድ ውሻ አሉኝ። ድመቷ ሚሚ ትባላለች፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ናት። ውሻው ቦቢ ነው፣ ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው። ቁንጫ ቤቱን ወረረው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትመጣ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ይዛልኝ መጣች፣ በትንንሽ ቱቦ ያለ፣ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ። ለቦቢ አንዱን ሙሉ አደረግኩለት። ሚሚ ትንሽ ናት ብዬ ከሌላው ቱቦ ግማሹን ብቻ አደረግኩላት። ማታ ላይ ጆሮዋ ይርገበገብ ጀመር፣ ከዚያ ቆዳዋ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፣ ልሃጯ ተዝረበረበ። ወተት ልሰጣት ሞከርኩ፣ አልዋጥ አላት። ሌሊት የሚከፍት ክሊኒክ አጣሁ። ጠዋት ስወስዳት ሐኪሙ አጠባት፣ መርፌ ወጋት፣ ሁለት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ። አሁን ትበላለች፣ ግን ጆሮዋ አንዳንዴ ይርገበገባል። ቦቢም በዚያ ሰሞን ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ሲያሻሽ ነበር። ባለቤቴ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ «የፈረንጁ ይቅርብሽ፣ የከብቱን ዲያዚኖን በጥብጠሽ እጠቢያቸው» ትለኛለች። ቁንጫው ዛሬም አለ፣ ሁለት ቱቦ ደግሞ ቀርቶኛል። ምን ላድርግ? ሚሚስ ቋሚ ጉዳት ይኖርባት ይሆን? የካርቶኑን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

ከገርጂ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን ሚሚ ተረፈችልሽ። የእንዲህ ዓይነት ሌሊት መጨረሻ ሁሌ አያምርም። ካርቶኑን ፎቶ አንስተሽ መላክሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። አጉልቼ አነበብኩት። ሦስት ነገር ተጽፎበታል። ኢሚዳክሎፕሪድ አለ፣ እሱ ለድመትም ይሆናል። ፒሪፕሮክሲፌን አለ፣ የቁንጫ እንቁላልና ዕጭ እንዳያድግ የሚያደርግ ነው፣ እሱም ችግር የለበትም። ሦስተኛው ፐርሜትሪን ነው፣ 44 በመቶ። ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ የባለቤትሽን ጥርጣሬ ቶሎ እንዝጋው። መድኃኒቱ አልተበላሸም። ቀኑ አላለፈበትም፣ ሻንጣ ውስጥ ሙቀት መትቶትም አይደለም። ሳይበላሽ፣ ሙሉ ኃይሉ እንዳለ ነው እንደዚያ ያደረጋት። ካርቶኑ ላይ የተሰረዘች ድመት ተስላለች፣ አጠገቧ «ድመት ላይ አታድርጉ» ይላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው፣ ያንን በሚዝረከረክ ጠብታና በሚፈራገጥ ውሻ መሀል ቆሞ የሚያነብ ሰው ብዙም አላየሁም። ስለዚህ አልወቅስሽም፣ አንቺም ራስሽን መውቀሱን ተዪው።

ያቺን «ግማሹን» ግን እናውራባት፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ እሷኑ ነው። ለልጅ የአዋቂውን ክኒን ሰብረን መስጠት ለምደናል፣ ለድመትም የውሻውን ቀንሰን ብናደርግ ልክ ይመስለናል። ቁጥሩን እንየው። ያንቺ ቱቦ ከ21 እስከ 55 ፓውንድ ለሚመዝን ውሻ የተሠራ ነው፣ በኪሎ ከ9 ተኩል እስከ 25 መሆኑ ነው። ውስጡ 2.5 ሚሊ ሊትር አለ። ግማሹ 1.25 ነው። በ44 በመቶ ሂሳብ ሚሚ ጀርባ ላይ ያረፈው ፐርሜትሪን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ነው፣ ለሦስት ኪሎ ተኩል ሲካፈል በኪሎ 150 ሚሊ ግራም አካባቢ ይመጣል። አራት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ድመት ላይ 1 ሚሊ ሊትር እንኳ ቢፈስ፣ ማለትም በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። አየሽ? ግማሹም ይበዛል። ሩቡም ይበዛል። የውሻ የፐርሜትሪን ጠብታ ለድመት የሚሆን መጠን የለውም።

ለምን ለውሻ ሆኖ ለድመት እምቢ ይላል? ጉበት ነው። የእኛና የውሻ ጉበት እንዲህ ያለ ኬሚካል ሲገባ ከሌላ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። አንዲት የፓራሲታሞል ፍሬ ድመት ልትገድል የምትችለውም በዚሁ ምክንያት ነው (ይህንን በዚሁ አጋጣሚ ያዢው፣ አሞኛል ብላ ለድመቷም የሰጠች ሰው አውቃለሁ)። ስለዚህ ፐርሜትሪኑ ሳይወጣ ደሟ ውስጥ ይዞራል። ሥራው ነርቭ ላይ ነው፣ ነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መዘጋት ያለበትን የሶዲየም መተላለፊያ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ተጭነሽው እንደተጣበቀ የበር ደወል ነርቩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ጆሮዋ የተርገበገበው፣ ቆዳዋ የተንቀጠቀጠው፣ ኋላም መላ ሰውነቷ የተንዘፈዘፈው ለዚህ ነው። ቁንጫው ላይም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ ቁንጫው ይሞታል።

መድኃኒቱን ግን እንደ ሰይጣን አትዪው። ፐርሜትሪን እንግሊዝ አገር በ1973 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ መነሻው ኬንያ በብዛት ታመርተው ከነበረው ከፓይሬትረም አበባ የሚወጣው ተባይ ገዳይ ነው። ለእከክ የሚታዘዘው የሰው ቅባት ውስጥ አለ፣ 5 በመቶ ሆኖ። አንዳንዱ የወባ አጎበርም የሚነከረው በእሱ ነው። ያንቺ ቱቦ ውስጥ ያለው ከእከኩ ቅባት ዘጠኝ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ብቻ ልብ በይ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመልስሽ። ጎረቤት፣ እህት፣ የልጆች ጓደኛ፣ ድመት ያለው አይጠፋምና የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ አንዳንዴ ግን እስከ ሦስት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ «ደህና ናት እኮ፣ ምንም አልሆነችም» ተብሎ መተኛት የለም። ጠብታው እንደተደረገ ስህተቱ የታወቀ ዕለት፣ ምልክት ኖረም አልኖረም፣ የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ላርጎ በምንለው። መድኃኒቱ ቅባት ነክ ስለሆነ የገላ ሳሙና በደንብ አያነሳውም፣ የዕቃው ነው ቅባት የሚቆርጠው። አንገቷ ሥርና በትከሻዎቿ መሀል ያለውን ቦታ ደጋግመሽ ታሺዋለሽ፣ ፀጉሩ የሚያዳልጥ መሆኑ እስኪያቆም። አንቺም ጓንት አድርጊ። ውኃው ሙቅ ከሆነ ቆዳዋ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ይከፈቱና መድኃኒቱ ይበልጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰውነቷ ሲበርድ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ከዚያ በፎጣ አድርቀሽ፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ ላይ፣ ጨለም ባለና ድምፅ በሌለበት ክፍል። ቲቪ ማጥፋት፣ ሕፃናት ማስወጣት። በዚያ ሰዓት ትንሽ ድምፅ እንኳ ያነቃንቃታል። መላ ሰውነቷ መንፈራገጥ ከጀመረ ግን ማጠቡን ተዪውና በፎጣ ጠቅልለሽ ወደ ሐኪም ሩጪ፣ እዚያ ያጥቧታል።

ወተቱ። ወተት ለመርዝ የሚባለው ነገር ከእናቶቻችን ጋር የመጣ ነው፣ ሞክረሽ ባይሳካልሽም ልብሽ ቅን ነበር። ግን መርዙ በአፏ አልገባም፣ በቆዳዋ ነው የገባው፣ ወተቱ ምንም አያገኘውም። ይልቁንም የምትንቀጠቀጥ ድመት ፈሳሽ ስትጋች ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። አልዋጥ ያላት ጥሩ ሆነ። ለማስታወክ መሞከርም እንደዚሁ፣ አይሆንም።

ክሊኒክ ስትሄጂ ካርቶኑን ያዢ። ይህን ከምንም በላይ አጥብቄ የምነግርሽ ለምን መሰለሽ፣ እኛ አገር ሐኪም ፊት ልሃጭ የሚዝረበረብባት፣ የምትንቀጠቀጥ ድመት ስትቀርብ መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቱ የሚመጣው የከብትና የእርሻ መድኃኒት ነው፣ ዲያዚኖን፣ ማላታይን። የእነዚያ ማርከሻ አትሮፒን ነው። ለፐርሜትሪን ግን አትሮፒን ማርከሻው አይደለም። ማርከሻ የሚባልም የለውም፣ መንቀጥቀጡን በጡንቻ ማላቀቂያ፣ ሜቶካርባሞል በሚባለው፣ እሱ ከሌለ በዲያዜፓምና በመሰሎቹ ይዞ፣ ግሉኮስ እየሰጡ፣ የሰውነት ሙቀቷን እየለኩ መጠበቅ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ፣ ቅባት ያለበት ፈሳሽ ያለው ሆስፒታል እሱንም ይጨምራል፣ ቅባት ወዳዱን መድኃኒት ከደም ውስጥ ይስበዋል። ካርቶኑን ያየ ሐኪም ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ይወስናል። ያላየ ይገምታል።

ሌሊት ክሊኒክ ማጣትሽ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን፣ ሚሚ ደህና ሆና ሳለ፣ ሁለት ሦስት ክሊኒክ ደውዪና «ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሐኪም አላችሁ?» በይ። አለን ካሉ ቁጥሩን መዝግቢ። «ድመት ይዘሽ ሐኪም ቤት?» ብሎ የሚስቅ ሾፌር ወይም ዘመድ ካጋጠመሽም ይሳቅ፣ ሂሳቡን ከፍለሽ ውረጂ።

አሁን ጆሮዋ። ሚሚ እየበላች ከሆነ፣ እየሄደች ሳትንገዳገድ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ከባዱ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፣ የጆሮና የፊት ርግብግብታው ግን ከዚያ በኋላ ለቀናት ሊከተል ይችላል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል። የተረፉ ድመቶች በደንብ ይድናሉ፣ ነርቩ ላይ ቋሚ ጉዳት መተው የተለመደ አይደለም። ርግብግብታው ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ መብላት ካቆመች፣ ወይም አንዴ እንኳ ወድቃ ከተንፈራገጠች ግን ነገ አትበይ።

የቦቢ ነገር ሌላ ነው፣ ግን ከዚያው ቱቦ ነው የመጣው። ስድስት ኪሎ ለሚሆን ውሻ ከ9 ተኩል እስከ 25 ኪሎ ለሚመዝን የተሠራውን ቱቦ ሙሉ አፈሰስሽለት። ጀርባውን ግድግዳ ላይ ያሻሸው ጠብታው ባረፈበት ቦታ ቆዳው እየነዘረው፣ እየቆጠቆጠው ስለነበር ነው። ፐርሜትሪን እንዲህ ያደርጋል፣ ልክ በሆነው መጠንም አንዳንድ ውሻ ላይ ይታያል። በዕቃ ሳሙና ሲታጠብ ይተዋል፣ ባይታጠብም በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ትንሽ ውሻ ላይ የትልቁን ማድረግ ያንቺ ብቻ ጥፋት እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በጠብታዎቹ ላይ የሚመጣለት አቤቱታ ከመብዛቱ የተነሣ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ44 ሺህ በላይ ሪፖርት ደርሶት፣ በቀጣዩ ዓመት ምርመራ ከፈተ። ሪፖርቶቹ ከቆዳ መቅላት እስከ መንፈራገጥና ሞት ያሉ ነበሩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጣ ይበልጥ የተጎዱት ትንንሽ ውሾች መሆናቸውን፣ የውሻው መድኃኒት የተደረገባቸው ድመቶችም አንዱ ትልቅ ችግር መሆናቸውን ገለጸ። ካርቶኑ ላይ ያለችው የተሰረዘች ድመት በከንቱ አልተሳለችም።

አንድ ነገር ግን እንዳትደናገጪ ልንገርሽ፣ ከጠብታ በኋላ የሚታይ ሁሉ መመረዝ አይደለም። ቦታው መቅላት፣ ፀጉሩ እንደ ዘይት መጣበቅ፣ ትንሽ ማሳከክ፣ ሁለት ቀን ጠብቆ የሚጠፋ ነው። ድመት ጠብታውን ከላሰች ምሬቱ አፏን አረፋ ያስደፍቃታል፣ ለድመት የተሠራው እንኳ። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ውኃ ስትሰጫት ያልፋል። መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ ፊት ማበጥ፣ መተንፈስ ማቃት ከመጣ ግን የምትጠብቂው ነገር የለም።

ወደ ጎረቤትሽ እንምጣ። ሴትየዋ ክፉ አላሰበችም፣ ዲያዚኖን ለከብት መዥገር በየገጠሩ የሚሠራበት ነው። ያ 60 በመቶ የሆነው ፈሳሽ ግን ለላምና ለበግ በልክ ተበጥብጦ የሚረጭ ነው። ቤት ውስጥ በቆርኪ ተለክቶ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ማንም መጠኑን አያውቀውም። ድመት ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒትም ደካማ ናት፣ ከነከርሻት በኋላ ራሷን ትልሳለች፣ ከቆዳዋ ያልገባው በምላሷ ይገባል። ዓይንና አፏ ያለቅሳል፣ ሽንትና ሰገራ ያመልጣታል፣ የዓይኗ ብሌን ትጠባለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እጁን ሳይሸፍን ያጠባት ሰው፣ ቀጥሎ ያቀፋት ልጅ፣ እነሱም ሊመረዙ ይችላሉ። አሜሪካኖች ዲያዚኖንን ለመኖሪያ ቤትና ለግቢ እንዳይሸጥ ያደረጉት በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። አንቺ ከአንዱ መርዝ ያወጣሻትን ሚሚን ወደ ሌላው እንዳትከቻት።

ባልዲውን ትተሽ ወደ ጋዝ እንዳትሄጂም። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስ ሳንባ ይገባል። ለበረሮ የምንነፋው ፍሊትም እንስሳ ላይ አይነፋም፣ የብዙዎቹ ዘር ከዚያው ከፐርሜትሪን ቤተሰብ ነው። «የተፈጥሮ ነው» የሚባለውም አያታልልሽ። ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ የሻይ ዛፍ ዘይት የሚሉት ደግሞ ራሱ ያንቀጠቅጣታል። የከብቱ የአይቨርሜክቲን መርፌ አለ፣ አንዳንዱ ሰው ለሁሉም ነገር የሚያስወጋው። ቁንጫ ላይ ያን ያህል አይሠራም፣ ኮሊ የሚባለው የውሻ ዝርያና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ ወደ አንጎል ዘልቆ ይጥላቸዋል። ጥንቸል ያላችሁ አንባቢዎችም፣ ለውሻና ለድመት የሚሆነው ፊፕሮኒል የሚባል ጠብታ ጥንቸል ይገድላል፣ አትሞክሩት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቁንጫው ለምን ዛሬም አለ? መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም። እንስሳው ላይ ሲዘሉ የምታያቸው ቁንጫዎች ቤትሽ ካለው ቁንጫ ከመቶው አምስት ያህል ናቸው ተብሎ ነው የሚታሰበው። የቀሩት እንቁላል፣ ዕጭና ሙሽሬ (ዕጩ ቁንጫ ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ) ሆነው ምንጣፉ ሥር፣ የሶፋው ስንጥቅ ውስጥ፣ ቦቢ የሚተኛበት ጆንያ ላይ ናቸው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም፣ ከፀጉሩ ላይ እየተንከባለለ እንስሳው በሄደበት ይረግፋል። ሙሽሬው ደግሞ ድር ለብሶ ይቀመጣል፣ መርዝ አይገባውም፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል፣ ከዚያ የእግር ንዝረትና የትንፋሽ ሙቀት ሲሰማው ይወጣል። ለዚህ ነው ክረምት ዘግተው ወጥተው የተመለሱ ሰዎች በሩን ሲከፍቱ ቁንጫ እግራቸው ላይ የሚወጣው።

ይህን ያላወቀ ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ? ሰኞ ጠብታ ያደርጋል፣ ሐሙስ ቁንጫ ያያል፣ «አልሠራም» ብሎ ሌላ ይደግማል፣ እሑድ በዚያ ላይ ዲያዚኖን ያፈስበታል። ክሊኒክ ከሚመጡት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ስለዚህ አትድገሚ። ቤቱን አጽጂ። የሚተኙበትን ጨርቅ ሁሉ በሙቅ ውኃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪ፣ የቦቢን ጆንያ ግን አውጪና አቃጥዪው፣ አይታጠብም እሱ። በየሁለት ቀኑ ከሶፋና ከአልጋ ሥር አጥብቀሽ ጥረጊ፣ ቫኪዩም ያለው ጎረቤት ካለሽ ተዋሺ፣ ንዝረቱ ሙሽሬውን ቀስቅሶ ያስወጣዋል። የተጠረገውን ቆሻሻ በፌስታል አስረሽ ወዲያው ከቤት አውጪ። ይህ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

እስከዚያ ሚሚን በምን ትከላከያት? ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ሚዶ ግዢ። ነጭ ሶፍት መሬት ላይ ዘርጊና አንገቷንና የጭራዋን ሥር ወደ ኋላ አበጥሪ። የሚረግፈው ጥቁር ነጥብ የቁንጫ ኩስ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ሶፍቱ ላይ ውኃ ጠብ አድርጊበት፣ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የሚሚ ደም ነው፣ ቁንጫው ጠጥቶ የተወው። የተያዘውን ቁንጫ በጥፍርሽ ለመጨፍለቅ አትልፊ፣ ላርጎ ያለበት ውኃ ውስጥ ክተቺው፣ ይሰጥማል። በየቀኑ ብታደርጊው ጭነቱ በጣም ይቀንሳል። ለትንንሽ የድመት ልጆችም፣ 8 ሳምንት ላልሞላቸው፣ ይኸው ሚዶ ነው መድኃኒቱ። ቁንጫ የበዛበት ግልገል ድመት በደም ማነስ እስከ መሞት ይደርሳልና ዝም አይባልም።

የጆሮዋ ርግብግብታ ሙሉ በሙሉ ሲቆም፣ ሐኪሟን አማክረሽ፣ ለድመት ተብሎ የተሠራ ጠብታ ማድረግ ትችያለሽ። ሴላሜክቲን፣ ወይም የድመቱ ፊፕሮኒል፣ ወይም ኢሚዳክሎፕሪድ ለብቻው። ካርቶኑ ላይ ድመት መኖሯን፣ ክብደቱ የሚሚን ማካተቱን እዪ። ለቦቢ ደግሞ እኔ ብሆን ጠብታውን ትቼ በአፍ የሚሰጠውን ክኒን እመርጥለታለሁ። ምክንያቱ ቦቢ ሳይሆን ሚሚ ናት። ውሻው ላይ የተደረገ ፐርሜትሪን እስኪደርቅ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ድመቷ አጠገቡ መድረስ የለባትም። ያንቺዎቹ ተቃቅፈው የሚተኙ፣ እርስ በርስ የሚላላሱ ከሆነ ማን ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃቸዋል? ክኒኑ ግን ከቦቢ ሆድ ወደ ሚሚ አይሻገርም።

ክኒኑም ያለ ነገር አይደለም። አፎክሶላነር፣ ፍሉራላነር፣ ሳሮላነር፣ ሎቲላነር የሚባሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ውሾችና ድመቶች ላይ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና መንፈራገጥ ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ከገበያ አላወጣቸውም፣ አብዛኛው እንስሳ ምንም ሳይሆን ይወስዳቸዋል። ቦቢ ከዚህ በፊት ወድቆ ተንፈራግጦ የሚያውቅ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትስጪው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እናንተ ከእሷ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ሌሊትም ቢሆን የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ስልክ አለ፣ 888-426-4435 ወይም 855-764-7661። ያስከፍላሉ፣ ግን ካርቶኑን እያነበባችሁላቸው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ደቂቃ በደቂቃ ይነግሯችኋል። ለሐኪማችሁም የሚሰጡት የጉዳይ ቁጥር አለ።

የቀሩትን ሁለት ቱቦዎች አትጣያቸው፣ ሽንት ቤትም አትድፊያቸው፣ ለዓሣም መርዝ ናቸው። ከ9 ተኩል እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ያለው፣ ድመት የሌለው ዘመድ ፈልገሽ ከነካርቶኑ ስጪው። ለእህትሽ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ ለድመት የተሠራ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚያካትት ሴላሜክቲን፤ ለውሻ በአፍ የሚሰጥ፣ በቦቢ ክብደት ልክ፤ ፐርሜትሪን የሚል ቃል ያለበት ምንም ነገር እንዳታመጪ። ክብደቱን ግን ከመላክሽ በፊት አረጋግጪ፣ «ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው» ያልሽው በዓይን ነውና። ቦቢን አቅፈሽ ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪ፣ ቀንሺ።